«ቀድሞ ለመጣ» ሲባል ለማን ነው?

ይህን ጽሑፍ የምንጀምረው በግለ ሂስ ነው። ሌላውን ከመክሰስ በፊት ራስን መመርመር ይገባልና፣ አስቀድመን እኛው ያደረግነውን እንናገር።

ህዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሰባት ተማሪዎች ሰባት ኮምፒዩተር ፊት ተደርድረን ተቀምጠናል። ፈተና ደርሶብን አይደለም፤ የምናስረክበውም ጽሑፍ አልነበረም። ሰባታችንም የአንዲት ሴት የምዝገባ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ይዘን፣ በእንግሊዝ አገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስኪሆን እንጠብቅ ነበር። ሴትዮዋ የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ እኅት ናት። ብሪስቶል በምትባል ከተማ በአንድ የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በዚያ ጠዋት ተረኛ ናት። ሽማግሌ እያጠቡና አሮጊት ቁርስ እያበሉ ኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ለወንድሟ ደውላ፣ «ጓደኞችህን ሰብስብና ሞክሩልኝ፤ በብዙ ኮምፒዩተር ከሞከራችሁ አንዱ ይገባ ይሆናል» አለችው። እኛም ሰበሰበንና ሞከርን።

የሚሸጠው የግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል ትኬት ነበር። ሽያጩ በተከፈተ በ35 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ከሰባቱ ስክሪን አንዱም መክፈያው ጋ አልደረሰም። ማታ ደወለችልንና፣ «ምን ታረጉ ወንድሞቼ፣ እናንተም ደከማችሁ። ዕድሌ አይደለም ማለት ነው» አለችን።

«ዕድሌ አይደለም!» ይህች ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችን። እውን የዕድል ጉዳይ ነው? ይህ ጽሑፍ ለዚያች ቃል የምንሰጠው መልስ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንንገር። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት አውራጃ፣ ፒልተን በምትባል መንደር አጠገብ ወርዚ ፋርም የሚሉት የወተት ላሞች እርሻ አለ። የእርሻው ባለቤት ማይክል ኢቪስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1970 (በእኛ መስከረም 9 ቀን 1963 መሆኑ ነው) በመሬታቸው ላይ የሙዚቃ ድግስ ደገሱ። መግቢያው 1 ፓውንድ ነበር። በዚያች 1 ፓውንድ ላይ ከእርሻው ላሞች የታለበ ወተት በነፃ ይታደል ነበር። የመጣው ሰው 1,500 ያህል ቢሆን ነው። በተከታዩ ዓመት በ1971 ደግሞ ጭራሽ መግቢያውም ነፃ ሆነ።

ዛሬ ያ የላም ግጦሽ ፌስቲቫሉ ሲካሄድ ለአምስት ቀን ከ200,000 በላይ ሰው የሚሰፍርበት ከተማ ይሆናል። እኛ የሞከርነው የ2025ቱ ትኬት 373 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ነበር፤ በላዩ የ5 ፓውንድ ማስያዣ ክፍያ አለበት። ያን ዕለት ማን እንደሚዘፍን ገና አልተገለጸም ነበር። ሕዝቡ ዘፋኙን ሳያውቅ ነው የተሻማው! ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ለሽያጭ የቀረበው 135,000 ያህል ትኬት በ34 ደቂቃ አልቋል። በዚያን ጊዜ ለመግዛት የተመዘገበው ሰው ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። እርግጥ የተመዘገበ ሁሉ በዚያች ጠዋት ይሞክራል ማለት አይደለም። ቢሆንም ለአንድ ወንበር ስንት ሰው እንደሚቆም ከዚህ ቁጥር መገመት ይቻላል። (ያ የ2020 ፌስቲቫል በኮሮና ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል።) አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለብሪስቶሏ እኅታችን ይመስላል።

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን የተከሳሹንም በጎ ሥራ እንቁጠር። የፌስቲቫሉ አዘጋጆች ስለ ፍትሕ ያልተጨነቁ ሰዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2000 አጥር እየጣሰና እየዘለለ የገባው ሰው በዝቶ፣ በውስጥ የነበረው ሕዝብ ትኬት ከቆረጠው እጥፍ በላይ እንደሆነ ተገምቶ ነበር። በ2001 ፌስቲቫሉ ሳይካሄድ ቀረ፤ በ2002 ትልቅ አጥር ታጥሮ ተመለሰ። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ገዢ ሁሉ አስቀድሞ ከነፎቶግራፉ እንዲመዘገብ ተደረገ። ፎቶግራፉ በትኬቱ ላይ ይታተማል፤ ትኬቱም ለሌላ ሰው አይተላለፍም። መሄድ ያልቻለ ሰው በተወሰነው ጊዜ መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል፤ የተመለሰውም እንደገና ለሽያጭ ይቀርባል። በዚህች አንዲት ዘዴ አየር በአየር ነጋዴው ባዶ እጁን ቀረ። ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጆች በነፃ ይገባሉ። እንደ ኦክስፋም ባሉ ድርጅቶች በኩል ተራ እየጠበቀ በአስተናባሪነት የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛም ይገባል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው።

ከሌሎች ጋር ስናወዳድረው ምስጋናው ይበልጥ ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2024 ኦኤሲስ የሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን ትኬት ሲሸጥ የሆነውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። 150 ፓውንድ ገደማ ነው የተባለው የመቆሚያ ቦታ፣ ሰው ለሰዓታት ወረፋ ጠብቆ ተራው ሲደርስ ከ350 ፓውንድ በላይ ሆኖ ጠበቀው። የአገሪቱ የንግድ ውድድር ባለሥልጣንም ምርመራ ከፈተ። በግላስተንበሪ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የመጀመሪያውም ገዢ የመጨረሻውም የሚከፍለው አንድ ዋጋ ነው።

ታዲያ ክሳችን ምንድን ነው?

ክሳችን ይህ ነው፦ ትኬቱን ከነጋዴ እጅ ያዳነ አሠራር ትኬቱን ለሯጭ አሳልፎ ሰጠው። ሩጫውን ደግሞ «እኩልነት» ብሎ ሰየመው።

«ቀድሞ ለመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል» የሚለው አባባል ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ማንም አይለይም፤ ሀብታም ድኻ አይልም፤ በሩ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይከፈታል። ነገር ግን በሩ በአንድ ሰዓት መከፈቱ ሁሉም በዚያ ሰዓት በሩ ላይ መገኘት ይችላል ማለት ነው እንዴ? እሑድ ጠዋት ማን ነው ቤቱ የሚቀመጥ? እሑድን የሚያርፍ ሰው ነዋ! እሑድ አዛውንት የሚያጥብ፣ እሑድ አውቶቡስ የሚነዳ፣ እሑድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የሚቀይር፣ እሑድ ሕፃን ታሞበት ሐኪም ቤት ያለ ሰው፣ ውድድሩ ሳይጀመር ተሸንፏል። «ቀድሞ ለመጣ» ማለት በተግባር ሲተረጎም «መምጣት ለሚችል» ማለት ነው። መምጣት የሚችለው ማን እንደሆነ ደግሞ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ፣ «ቆይ እንጂ! አዘጋጆቹ ይህን አይተው አሠራሩን አሻሽለዋል እኮ» ይለናል። እውነት ነው። ቀድሞ አሠራሩ ገጹን ደጋግሞ መክፈት ነበር፤ ጣቱ የፈጠነ፣ መስመሩ የፈጠነ ይገባል። እኛ በሞከርንበት በ2024ቱ ሽያጭ ግን አዲስ ደንብ ወጣ። ከተባለው ሰዓት በፊት ገጹን ከፍቶ የጠበቀ ሁሉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ የወረፋ ቁጥር በዕጣ እንዲደርሰው ተደረገ። ማለትም ሩጫው ወደ ዕጣ ተለወጠ ማለት ነው። መልካም! ነገር ግን፣ ዕጣው የወጣው ለማን ነው?

ለሰው አይደለም። ለኮምፒዩተር ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነውና አንባቢ ልብ ይበልልን። እኅታችን አንዲት ሴት ናት፤ ፎቶግራፏም አንድ ነው፤ የምዝገባ ቁጥሯም አንድ ነው። በዚያ ወረፋ ላይ ግን ሰባት ሆና ቆመች፤ ምክንያቱም እኛ ሰባት ነበርን። አዘጋጆቹ በብዙ መሣሪያ አትሞክሩ ብለው አስጠንቅቀዋል። ግን ሰባት ተማሪ በሰባት ኮምፒዩተር ሲቀመጥ ለአንዲት ሴት የተቀመጠ መሆኑን ማን ያውቃል? ቁጥሯ የሚጠየቀው ወረፋው አልቆ በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ ዘመድ ያለው ብዙ ዕጣ አለው። ብዙ ጓደኛ፣ ብዙ ስልክ፣ ብዙ ኮምፒዩተር ያለው ብዙ ዕጣ አለው። በዚያ ላይ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት ትኬት መግዛት ስለሚችል፣ ሃያ ሠላሳ ሆነው ተማምለው የምዝገባ ቁጥራቸውን የሚለዋወጡ አሉ፤ ከመካከላቸው የገባው ለሌሎቹ ይቆርጣል። ብቻውን የተቀመጠ፣ አገር የቀየረ፣ ወዳጅ የሌለው ሰው ደግሞ አንዲት ዕጣውን ይዞ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ግለ ሂሳችን እንመለስ። እኛ ሰባታችን በዚያ ቀን ለእኅታችን መልካም የሠራን መስሎን ነበር። ግን ከሰባቱ አንዱ ቢሳካ ኖሮ ያ ትኬት የማን ይሆን ነበር? ሰባት ኮምፒዩተር ያልነበረው የአንድ ሌላ ሰው አይደለምን? ምናልባትም የሌላ የመጦሪያ ቤት ሠራተኛ! ያንኑ የምንከሰውን በደል እኛው በሰባት እጅ ሠራነው። ያልተሳካልን ስለታቀብን አይደለም፤ ሃምሳ ኮምፒዩተር የነበረው ስለቀደመን ነው። ይህን አምነን ካልተናገርን የምንጽፈው ሁሉ ከንቱ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? መልሳችን ቀላል ነው። ዕጣው ለኮምፒዩተር ሳይሆን ለሰው ይውጣ። ምዝገባው አለ፤ ስሙ አለ፤ ፎቶግራፉ አለ። መግዛት የሚፈልግ ሰው በአንድ ወር ውስጥ በፈለገው ቀንና ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን ከሥራ ሲወጣ፣ «በዕጣው ልግባ» ብሎ ያስታውቅ። የወሩ ማብቂያ ላይ ለአንድ ፎቶግራፍ አንድ ዕጣ ይውጣ። አለቀ! መሽቀዳደም የለ፣ መክሊት ፍለጋ የሰው ኮምፒዩተር መለመን የለ።

ይህ ደግሞ ከዚህ በፊት ያልታየ ነገር አይደለም። እዚያው እንግሊዝ አገር የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር ከ1924 ጀምሮ ለሕዝብ ትኬት በዕጣ ይሰጣል። የለንደን ማራቶንም ለአብዛኛው ሕዝብ በሩን የሚከፍተው በዕጣ ነው፤ ለ2026ቱ ሩጫ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ዕጣ ውስጥ ገብቷል። አስቡት እንግዲህ፦ እውነተኛ ሯጮች ቦታ የሚያገኙት በዕጣ ሲሆን፣ ቁጭ ብሎ ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው በሩጫ ይግባ ይባላል!

ተቃዋሚዎቻችን የሚያነሷቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛ፣ «ሩጫው ፍቅርን ይፈትናል፤ ሙዚቃን ከልቡ የሚወድ ሰው ሌት ተነሥቶም ይጠብቃል» ይላሉ። ይህ ክርክር በላውንጅ ውስጥ በሻይ ላይ ሲነገር ያምራል። ነገር ግን ሩጫው የሚለካው ፍቅርን አይደለም፤ የዕረፍት ቀንን፣ የኢንተርኔት መስመርንና የወዳጅን ብዛት ነው። እኅታችን የምትወደውን ዘፈን እያንጎራጎረች የሰው አሮጊት ታጥብ ነበር። ፍቅሯ ከማን አነሰ?

ሁለተኛ፣ «ሰው ከጓደኞቹ ጋር መሄድ ይፈልጋል፤ ዕጣ ባልና ሚስትን ይለያያል» ይላሉ። ይህ ትክክለኛ ሥጋት ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ እስከ ስድስት ሆነው አብረው የተመዘገቡ ሰዎች በአንድ ዕጣ ይቆጠሩ፤ ወይ ሁሉም ይገባሉ ወይ ሁሉም ይቀራሉ። አንድ ሰው በሁለት ቡድን ውስጥ ስሙ አይገኝ እንጂ፣ ስድስት የሆነም ብቻውን የሆነም ዕድሉ እኩል ነው።

ሦስተኛ፣ «ትኬቱ በጨረታ ይሸጥ፤ የበለጠ የከፈለ ይግባ፤ ትርፉም ለበጎ አድራጎት ይዋል» የሚሉ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች በመካከላችን አሉ። ለነዚህ ወንድሞች መልሳችን አጭር ነው። የበለጠ የከፈለ የበለጠ ፈለገ ማለት አይደለም፤ የበለጠ አለው ማለት ነው። በ1 ፓውንድ ከነወተቱ የተጀመረ ድግስ በጨረታ ካለቀ ስሙን ይቀይር።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል። «ዕጣም ይጭበረበራል» የሚለው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመስማት እንግሊዝ መሄድ አያስፈልገንም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ፣ ያልተገባቸው ሰዎች በዝርዝሩ ውስጥ መግባታቸው ታውቆ በቀናት ውስጥ ተሰርዟል። ለዓመታት ሲቆጥብ የኖረ ሰው ደስታውንም ኀዘኑንም በአንድ ሳምንት አየ። ታዲያ ይህ ዕጣን ጥሎ ወደ ሩጫ የሚያስመልስ ነው? አይደለም! ያ ዕጣ የተበላሸው ዕጣ በመሆኑ አይደለም፤ ወደ ዕጣው የገባው ዝርዝር ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ በመዘጋጀቱ ነው። ስሕተቱም ሊታወቅና ሊሰረዝ የቻለው ዝርዝር ስለነበረው ነው። የሩጫ በደል ግን ዝርዝር የለውም። በዚያ እሑድ ጠዋት ማን በስንት ኮምፒዩተር እንደገባ ማን ቆጥሮ ይሰርዘዋል?

ዕጣ እንዴት እንደሚወጣ ከእናቶቻችን እንማር። ዕቁብ ጠጪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዕጣው በጓዳ አይወጣም፤ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ ሰብሳቢውም ጸሐፊውም ዓይናቸው እያየ ይወጣል። ሌላም ትልቅ ምሥጢር አለው፤ አንዴ የወጣለት ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ተመልሶ ዕጣ ውስጥ አይገባም። ዕቁብ ያስታውሳል! ግላስተንበሪ ግን አያስታውስም። አምስት ጊዜ የሄደውም አምስት ጊዜ ያጣውም በየዓመቱ እኩል እንደ አዲስ ይቆማሉ። እኛ ሙሉ ዕቁብ ይሁን አንልም፤ ዙሩ እስኪያልቅ ሰው ያረጃል። ግን ባለፈው ያጣ ሰው በሚቀጥለው ሁለት ዕጣ ቢኖረው፣ ሁለቴ ያጣ ሦስት ቢኖረው ምን ይጎዳል? ምዝገባው ስም ይይዛል፤ ስም የያዘ መዝገብ ማስታወስም ይችላል።

በዕጣም ቢሆን ብዙው ሰው ያጣል። ይህን አንደብቅም። ግን ማጣትና ማጣት አንድ አይደለም። በሩጫ ያጣ ሰው ራሱን ይወቅሳል፤ «ቀድሜ ብነሣ፣ ሥራ ብቀር፣ ብዙ ሰው ብለምን ኖሮ» ይላል። በእውነተኛ ዕጣ ያጣ ሰው ግን ከሌላው ጋር እኩል ቆሞ አጥቷል። እኅታችን ያን ጊዜ ብቻ ነው «ዕድሌ አይደለም» ልትል የምትችለው። ባለፈው ያለችው ስሕተት ነበር። ዕድሏ አልነበረም የቀደማት፤ የሥራ ተራዋ ነው።

እ.ኤ.አ. 2026 በወርዚ ፋርም ፌስቲቫል የማይካሄድበት የዕረፍት ዓመት ነው። ሣሩ እንዲያገግም መሬቱ ያርፋል። በየጥቂት ዓመቱ ለሣርና ለላም ዕረፍት የሚያስብ ሰው፣ እሑድ ዕረፍት ለሌለው ሠራተኛ ማሰብ አያቅተውም ብለን እናምናለን።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን ጽሑፉን አንብቦ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለን። እውነቱን ነው! ባለፈው ዓመት በግቢያችን በተደረገ አንድ የሙዚቃ ምሽት ላይ «ትኬት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ፣ ቀድሞ ለመጣ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። እኛ 1 ሰዓት ላይ ብርድ እየገረፈን ተሰለፍን። 2 ሰዓት ሲሆን ግማሹ ትኬት አስቀድሞ በየኪሱ ገብቶ አለቀ። የማታ ተማሪዎችና ከግቢ ውጭ የሚያድሩት ደግሞ ከነጭራሹ ማስታወቂያውንም አላዩም። ማን ጮኸ? ማንም! እኛም ዝም አልን፤ ከመካከላችን ሁለታችን በኪስ ከገባው ደርሶን ነበርና።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ክስ ባሕር ተሻግሮ አይቅር። ለሚቀጥለው የሙዚቃ ምሽት ያለን ሐሳብ ይህ ነው። መግባት የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ በሳምንቱ ውስጥ በተመቸው ሰዓት ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን ይጻፍ። ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሌለ ስም ያየ ይቃወም። ዓርብ ከምሳ በኋላ በላውንጅ ደጃፍ፣ ሁላችን እያየን፣ በባርኔጣ ውስጥ ዕጣው ይውጣ። ዕጣ የሚያወጣውም ከአዘጋጆቹ አንዱ አይሁን፤ በዚያ የሚያልፍ ማንም ተማሪ ይጠራ።

ባርኔጣውን እኛ እናመጣለን። ስማችንም በዝርዝሩ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ሰባት ጊዜ አይደለም።